የኬክ ርችት፦ የትኛው ወደ ቤት ይግባ፣ የትኛው ሱቅ ውስጥ ይቅር

ፒያሳ፣ አራት ኪሎ ወይም መርካቶ የልደት ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች አንዱ ጋ ጎራ ያለ ሰው ከፊኛውና ከቁጥር ሻማው ጎን ቀጫጭን ቱቦዎች ተደርድረው ያያል። ወርቃማ ወይም ብርማ ወረቀት ተጠቅልሎባቸዋል። ከታች ኬክ ላይ የሚሰካ የፕላስቲክ እግር፣ ከላይ የሚለኮስ ጫፍ አላቸው። ሲለኮሱ ከግማሽ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ነጭ ብልጭታ ወደ ላይ ይረጫሉ። ጭሳቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ለፎቶም ያምራሉ። ብዙ ቤት እነዚህ ቱቦዎች የሚቀመጡት ከሻማ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ ነው። ውስጣቸው ያለው ግን ሰም ሳይሆን ከታይታኒየም ዱቄት ጋር የተጠቀጠቀ ናይትሮሴሉሎስ ነው። ጭስ አልባ ባሩድም የሚሠራው ከዚሁ ነገር ነው። መብራት በጠፋ ማታ አንድ ሰው በዳበሳ መሳቢያውን ከፍቶ አንዱን ሻማ መስሎት ፊቱ አጠገብ ቢለኩሰው ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም።

ይህ ግምገማ በመሃል አዲስ አበባ በቀላሉ የሚገኙ ሦስት ዓይነት ዕቃዎችን ይመለከታል፦ የኬክ ርችቱን፣ ልጆች በእጃቸው የሚይዙትን ባለ ሽቦ ርችት፣ እና ኮንፌቲ (ባለ ቀለም ብጥስጣሽ) የሚረጨውን ቱቦ። ስለ ውበታቸው ሻጩ ይናገር። እዚህ የሚመዘኑት ተገዝተው እስኪለኮሱ ድረስ ቤት ውስጥ በሚቀመጡባቸው ቀናት ነው፤ ችግሩ የሚፈጠረውም ያኔ ነውና።

አራተኛው ዓይነት፣ ወደ ሰማይ ተተኩሶ የሚፈነዳው፣ ግምገማ ውስጥ አልገባም። በእንቁጣጣሽ፣ በመስቀልና በገና ዋዜማ ፖሊስ ርችት መተኮስ ክልክል መሆኑን ደጋግሞ ያስታውቃል። ተኩስ የሚመስል ድምፅ ሕዝብ ያስደነግጣል፣ ለሌላ ድርጊትም ሽፋን ይሆናል። ከዚህ ሌላ ሰፈሩ ራሱ አይፈቅድም። በአራዳና በልደታ አሮጌ መንደሮች ቤት ከቤት ግድግዳ ይጋራል፣ የእሳት አደጋ መኪና የማያስገባ ቅያስ ሞልቷል፣ በኮንዶሚኒየም ደግሞ አንዱ ብሎክ ከሌላው ፊት ለፊት በረንዳ ለበረንዳ ይተያያል። መተኮስ የማይፈቀድለትን ዕቃ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ምን ይጠቅማል? አንድም ፍሬ አይግባ። ሻጭ ከጠረጴዛ ሥር አውጥቶ ቢያሳይዎ ሌላውንም ዕቃ ከዚያ ሱቅ አይግዙ።

ካርቶኑ ከዕቃው እኩል ነው

በዓለም አቀፍ የማጓጓዣ ምደባ ፈንጂነት ያላቸው ዕቃዎች ሁሉ ክፍል 1 ውስጥ ናቸው። ከ1.1 እስከ 1.6 ይከፋፈላሉ። 1.1 ማለት ክምችቱ በሙሉ በአንዴ የሚፈነዳ ነው። 1.4 ደግሞ ቢቀጣጠል ጉዳቱ በአብዛኛው ከማሸጊያው የማይርቅ ነው፤ ለተራ ተጠቃሚ የሚሸጥ ርችት የሚመደበው እዚህ ነው። ካርቶኑ ላይ ብርቱካንማ አልማዝ ቅርጽ ውስጥ 1.4ጂ ወይም 1.4ኤስ ተብሎ ይጻፋል። 0336 የሚለው የተባበሩት መንግሥታት የአደገኛ ዕቃ መለያ ቁጥር የመጀመሪያው፣ 0337 የሁለተኛው ነው። ገዢ ልብ ሊለው የሚገባው አንድ ነገር አለ፦ ይህ ምደባ የሚሰጠው ለታሸገው ዕቃ ነው። ፍተሻው የሚደረገው ቱቦዎቹ በካርቶናቸው፣ በመከፋፈያቸው፣ በተወሰነ ቁጥራቸው እንዳሉ ነው። ከካርቶኑ ወጥተው ማሰሮ ውስጥ ሲከመሩ ምደባው ስለ እነሱ የሚለው ነገር የለም።

ምደባና ማከማቻ ሲሳሳቱ የሚመጣውን ኔዘርላንድስ አይታለች። እ.ኤ.አ. ግንቦት 13 ቀን 2000 በኤንስኬዴ ከተማ፣ በመኖሪያ ሰፈር መሃል የነበረ የርችት መጋዘን ፈንድቶ 23 ሰው ሞተ፣ ከ900 በላይ ቆሰለ፣ ሰፈሩም ወደመ። በምርመራው እንደታየው መጋዘኑ ውስጥ የነበረው ብዙው ርችት ፈቃዱ ከሚለው ክፍል የከበደ ነበር። ያ መጋዘን ነው፣ የኛ ጉዳይ መሳቢያ ነው። ቢሆንም የሚያቃጥለው ነገር ጠባይ አንድ ነው።

ስለዚህ በመሃል ከተማ ሱቆች ላይ ያለን ትልቁ ቅሬታ በፍሬ መሸጥ ነው። ካርቶኑ ተቀዶ ቱቦዎቹ ብርጭቆ ውስጥ እንደ እስክሪብቶ ይቆማሉ፤ ብዙ ጊዜ ፀሐይ በሚመታው መስታወት በኩል፣ ላይተር ከሚሰቀልበት አጠገብ። ማስጠንቀቂያው ያለበት ካርቶን ሱቁ ይቀራል ወይም ተጥሏል። ገዢው ቱቦውን ፌስታል ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ይዞ ታክሲ ይሳፈራል። ዋጋው ረከስ ይላል፣ እውነት ነው። ለአንድ ኬክ አንድ ፍሬ ለሚፈልግ ሰው ሙሉ ፓኬት መግዛት ብክነት ይመስላል። ግን ሁለት ወይም አራት ፍሬ የያዘ ትንሽ ፓኬት መርካቶም ፒያሳም ይገኛል። እሱን ይጠይቁ፤ ከሌለ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።

ፓኬቱ ላይ የሚፈለገው ጽሑፍ ረጅም አይደለም። የአውሮፓን ደረጃ የተከተለ ዕቃ ኤፍ1፣ ኤፍ2፣ ኤፍ3 ወይም ኤፍ4 የሚል ምልክት ይኖረዋል። ኤፍ1 አደጋው በጣም ዝቅተኛ የሆነ ነው፣ ቤት ውስጥ እንዲለኮስ የተሠራውም እዚህ ውስጥ ይገኛል። ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን አይሸጥም። ኤፍ2ና ኤፍ3 ለደጅ ናቸው። ኤፍ4 ለሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ነው። ኤፍ1 ስለሆነም ብቻ ሳሎን ይለኮሳል ማለት አይደለም፤ ቤት ውስጥ መጠቀም እንደሚቻል ለይቶ የሚናገር ጽሑፍ ያስፈልጋል። ከዚያ በግራም የተጻፈ ቁጥር ይፈልጉ። ያ ቁጥር ወረቀቱና ፕላስቲኩ ተቀንሶ የሚቀጣጠለው ነገር ብቻ የሚመዝነው ነው፣ ክምችት የሚሰላውም በእሱ ነው። ለምሳሌ አንድ ቱቦ 6 ግራም ቢል፣ አራት ፍሬ ያለው ፓኬት 24 ግራም ነው፤ የጅምላው 48 ፍሬ ካርቶን ደግሞ 288 ግራም። ሩብ ኪሎ የሚያልፍ ናይትሮሴሉሎስ መኖሪያ ቤት ምንም ሥራ የለውም፤ መርካቶ በጅምላ ስለሚረክስ ለዓመት ልደት ይሆናል ብሎ መግዛት ትርፉ ጭንቀት ነው። የተመረተበት ቀን፣ የአምራቹ ስምና የአጠቃቀም መመሪያ ከሌለው ይተዉት።

ከመክፈልዎ በፊት ቱቦውን እጅዎ ላይ አድርገው ይዩት። ወገቡ ላይ የታጠፈበት ምልክት ካለ ውስጡ የተጠቀጠቀው ዱቄት ተሰንጥቋል ማለት ነው። ጤነኛው ቱቦ ከላይ ወደ ታች በዝግታ፣ በንብርብር ይነዳል። ስንጥቅ ካለው ግን እሳቱ በስንጥቁ ሾልኮ ውስጥ ይገባና በአንድ ጊዜ ብዙ ገጽ ይለኩሳል። የሚነድደው ፊት በሰፋ ቁጥር ጋዙ በፍጥነት ይመረታል፣ በጠባቧ ቀዳዳ መውጣት ያቅተዋል፣ ቱቦው ይተረተራል። ኬክ ላይ «ጧ» ብሎ ክሬሙን ሰው ፊት ላይ የሚረጨው ይህ ነው። ቀጥሎ ሥሩን በነጭ ሶፍት ጠረግ ያድርጉት፤ ግራጫ ብናኝ ሶፍቱ ላይ ከቀረ የታችኛው ውታፍ ላልቷል። የጫፉ ሽፋን ወረቀት ያልተቀደደ መሆን አለበት። ወረቀቱ ላይ ቢጫ ወይም ቡናማ እድፍ፣ ወይም ኮምጠጥ ያለ ሽታ ካለው ናይትሮሴሉሎሱ እየተበላሸ ነው፤ ሙቀት ያፋጥነዋል፣ ከብልሽቱ የሚወጣው ጋዝም በተራው ብልሽቱን ያባብሰዋል። መስታወት ውስጥ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ዕቃ ላይ ይህን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ቤት ውስጥ የት?

ከሁሉ የሚሻለው አለማስቀመጥ ነው። ልደቱ ቅዳሜ ከሆነ ሐሙስ ወይም ዓርብ ይግዙ፣ በኬክ ቁጥር ልክ፣ አንድ መጠባበቂያ ጨምረው። ኬክ ቤቱ ራሱ የሚሸጥ ከሆነ ከኬኩ ጋር በዕለቱ መውሰድ ይቻላል። ሲወስዱ ግን ኬኩ ላይ ተሰክቶ ሳይሆን በፓኬቱ ከኬክ ካርቶኑ ውጪ ታስሮ ይሁን። የክሬም እርጥበት ጫፉን ያበላሸዋል፣ መንገድ ላይም ይጎብጣል።

የግድ ለቀናት ከቆየ ቦታው የቤት ዕቃ ቁም ሣጥን ወይም ቡፌ ነው፦ እንጨት የሆነ፣ የሚቆለፍ፣ ልጅ ከማይደርስበት ከፍታ። ከነካርቶኑ ስስ የፕላስቲክ ከረጢት ይልበስ፣ ከጫማ ካርቶን የሚገኘው እርጥበት መጣጭ ከረጢት አንድ ሁለት ይጨመርበት። ብዙ ሰው በቅንነት የሚሳሳተው ዕቃ መያዣው ላይ ነው። «ብረት እሳት አያስተላልፍም» ብሎ ክዳኑ ጥብቅ ያለ ቆርቆሮ ወይም የሚከረቸም የብረት ሣጥን ውስጥ ይጨምረዋል። ናይትሮሴሉሎስ በነፃ አየር ላይ ሲነድ ቦግ ብሎ ያልቃል። ታፍኖ ሲነድ ግን ግፊት ይጠራቀማል፣ ሣጥኑም ስብርባሪው የሚወረወር ፈንጂ ይሆናል። ካርቶንና እንጨት ግፊቱን ያሳልፋሉ። ስለዚህ ቆርቆሮውን ለብስኩት ይተዉት።

የማይቀመጥባቸው ቦታዎች በአዲስ አበባ ቤት አሠራር ሲታዩ ብዙ ናቸው። ኩሽና አይሆንም፤ ከምጣድና ከስቶቭ በላይ ያለው መደርደሪያ ሙቀትም እንፋሎትም ይቀበላል። በቆርቆሮ ጣሪያና በኮርኒስ መሃል ያለው ቆጥ በበጋ ቀትር ይግላል። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥርና የቆጣሪ ሣጥን አካባቢ የጎረቤት ሁሉ መውጫ ነው፣ ሽቦውም ብልጭ ይላል። መኝታ ቤት ሰው ተኝቶ እያለ እሳት የሚነሳበት ነው። ከመግቢያ በር አጠገብ ማስቀመጥም ክፉ ነው፦ ግቢ ውስጥ ያሉት የኪራይ ቤቶች አንድ በር ብቻ አላቸው፣ መስኮታቸው በብረት ታጥሯል፣ እሳቱ በሩ ጋ ከተነሳ መውጫ የለም። የመኪና ኮፈንና የዳሽቦርድ መሳቢያም በፀሐይ ይጋላሉ።

ጎረቤቱም ይመረጥ። ክብሪት፣ ላይተር፣ ነጭ ጋዝ፣ ለጄኔሬተር የተቀመጠ ቤንዚን፣ የእጅ ሳኒታይዘር፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ ሽቶና የሚነፋ ስፕሬይ አንድ መደርደሪያ አይጋሩት። ባትሪም እንዲሁ። ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ የተገዛ ችቦ ርችቱ ካለበት ክፍል ውጪ ይደር። ሻማ ደግሞ ሌላ ክፍል፤ ምክንያቱ ከላይ ተነግሯል።

ክረምት ላይ እርጥበት የገባበትን ለማድረቅ ከሰል አጠገብ፣ ስቶቭ ላይ ወይም ፀሐይ ላይ ማስጣት አይታሰብ። ደርቆም እኩል አይደርቅም። ውጪው ሲለኮስ ውስጡ ይቀራል፣ የጠፋ መስሎ ከሰከንዶች በኋላ ድንገት ይቀጥላል። ጎንበስ ብሎ የሚያየው ሰው ፊቱን የሚያጣው ያኔ ነው።

ባለ ሽቦው

ባለ ሽቦው ርችት ዋጋው ትንሽ፣ ስሙም ከልጆች ጋር የተያያዘ ስለሆነ ይናቃል። ሽቦው ላይ የተለበጠው በአብዛኛው ባሪየም ናይትሬት፣ የአሉሚኒየም ዱቄትና የብረት ብናኝ በሙጫ የተቦካ ነው። ሲነድ ሙቀቱ 1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። ብልጭታው ካለቀ በኋላም ሽቦው ለደቂቃዎች ይፋጃል፤ ቀለሙ ጥቁር ስለሆነ ግን የበረደ ይመስላል፣ ምንጣፍ ላይ ወይም በዓል ለማድመቅ በተጎዘጎዘውና በሁለተኛው ቀን በደረቀው ቄጤማ ላይ ይጣላል። ከመለኮሱ በፊት ውኃ ወይም አሸዋ የያዘ ባልዲ ይዘጋጅ፣ ያለቀው ሽቦ ሁሉ ወደዚያ ይግባ። አንድ በአንድ ይለኮስ። ብዙውን አስሮ በአንድ ላይ መለኮስ ከርችትነት ያወጣዋል፤ በዚህ እጃቸውን ያጡ ሰዎች በብዙ አገር አሉ። ኬክ ላይም አይሰካ፣ ከሽቦው የሚረግፈው አመድ ውስጥ የባሪየም ውህዶች ስላሉ የሚበላ አይደለም።

ለማስቀመጥ ከኬክ ርችቱ ይበልጥ አስቸጋሪ ነው። እርጥበት ሲያገኘው አሉሚኒየሙና ናይትሬቱ በዝግታ መዋዋጥ ይጀምራሉ፣ ልባጩም እየተፈረፈረ ፓኬቱ ሥር ይጠራቀማል። ፓኬቱን ዘንበል ሲያደርጉ ዱቄት ኮሽ ካለ አይቀመጥም፣ አይለኮስም፤ ውኃ ውስጥ ይግባ። ክፍት ደጅ የሌለው ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ባይገዛው ይመረጣል፤ በረንዳ ላይ የሌላ ሰው ልብስ ከላይም ከታችም እንዲደርቅ ተሰቅሏል።

ኮንፌቲው

በእጅ ጠምዘዝ ሲደረግ ኮንፌቲ የሚረጨው ቱቦ በአብዛኛው የታመቀ አየር ብቻ ነው ያለው። እሳት የለውም፣ ባሩድ የለውም፣ ከሦስቱ ሳሎን ውስጥ በሰላም የሚውለው እሱ ነው። በታመቀ አየር መሥራቱ ቱቦው ላይ ተጽፎ እንደሆነ ብቻ ያረጋግጡ፤ ክር የሚሳብበት ትንሹ ዓይነት ጥቂት ፈንጂ አለው። የአየሩንም ሙቀት ላይ አያስቀምጡት፣ ፊት ላይ አያነጣጥሩት። ብርማ ብጥስጣሽ ያለውን ደጅ የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት አይርጩ፣ የወረቀቱን ይምረጡ።

ሲለኮስ

ማስቀመጡ ተሳክቶ መለኮሱ እንዳይበላሽ ከፍታውን ያስሉ። ጠረጴዛው 75 ሳንቲሜትር፣ ኬኩ 15፣ ቱቦው 15፣ ብልጭታው 30 ቢሆን ጫፉ 1 ሜትር ከ35 ይደርሳል። ኮርኒሱ 2 ሜትር ከ40 ከሆነ አንድ ሜትር ያህል ይተርፋል። አንድ ሰው ኬኩን ወይም ርችት የታሰረበትን ጠርሙስ ከራሱ በላይ ካነሳ ግን 2 ሜትር ላይ 45 ሳንቲሜትር ይጨመራል፣ ብልጭታው ኮርኒስ ይልሳል። አሮጌ የጭቃ ቤቶች ኮርኒሳቸው አቡጀዲ ወይም ማዳበሪያ ነው፣ ያውም የዓመታት ጥላሸትና አቧራ የተሸከመ። አዳራሾችና ምሽት ቤቶች ደግሞ ለድምፅ ተብሎ ስፖንጅ ይለጥፋሉ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2003 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ፣ በጥር 2013 በብራዚል ሳንታ ማሪያ የተነሱት እሳቶች መንገድ ይኸው ነበር፦ መድረክ ላይ የተለኮሰ ርችት ስፖንጁን ያዘው። በመጀመሪያው 100፣ በሁለተኛው 242 ሰው ሞተ። ጠርሙስ አይነሳ። ፊኛ፣ መጋረጃና የፕላስቲክ አበባ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቁ፤ በተለይ ፊኛው በሃይድሮጂን የተሞላ ሊሆን ይችላል ብለው ከጠረጠሩ ከክፍሉ ይውጣ። ቱቦው ለስላሳ ክሬም ላይ ብቻውን አይቆምም፣ እግሩ እስከ ኬኩ ዳቦ ድረስ ይግባ። ሲለኩሱ ክንድዎን ዘርግተው፣ ፊትዎን ዞር አድርገው ነው።

የተከማቸው ራሱ እሳት ከያዘ ለማፈን አይሞክሩ። የሚያነደው ኦክስጅን ውስጡ ስላለ ብርድ ልብስም ሆነ የዱቄት እሳት ማጥፊያ እሱን አያጠፋውም፤ ማጥፊያው የሚጠቅመው አጠገቡ ለያዘው ቡፌና መጋረጃ ነው። ሰው ይውጣ፣ በሩ ይዘጋ፣ ወደ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በ939 ይደወል፣ ርችት መኖሩም ይነገራቸው። የተቃጠለ ሰው ቁስሉ ላይ የቧንቧ ውኃ ለ20 ደቂቃ ይፍሰስበት። ቅቤ፣ እንቁላልና የጥርስ ሳሙና አይቀባ። ቃጠሎው ሰፊ ወይም ፊትና እጅ ላይ ከሆነ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው።

የተረፈውን ለሚቀጥለው ልደት አያቆዩት። ሳይለኮስ የቀረውንም፣ ተለኩሶ የከሸፈውንም (የከሸፈውን ግማሽ ሰዓት ሳይነኩ ከቆዩ በኋላ) ባልዲ ውኃ ውስጥ ይዝፈቁትና ሌሊቱን ይደር። ናይትሮሴሉሎስ ውኃ ውስጥ አይሟሟም፣ እንደራሰ ግን በቀላሉ አይቀጣጠልም። በነጋታው ሳይደርቅ በፌስታል ተቋጥሮ ወደ ቆሻሻ ይሂድ፤ ደረቁን ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች መስጠት እሳቱን እነሱ ጋሪ ላይ መጫን ነው።